ሥፍራው ያልተጻፈለት ወፍ

ነገሌ ቦረና ላይ የካቲት የአቧራ ወር ነው። የበልጉ ዝናብ ገና ነው፤ ግራሩ ቅጠሉን አራግፏል፣ ከብቱም ወፉም ውሃ ወዳለበት ይሰበሰባል። ወፍ ለማየት ከዚህ ወቅት የሚሻል አላውቅም። በገናሌ ወንዝ ዳር ሾላው ፍሬ ከያዘ ደግሞ ሌላ ቦታ መዞር አያስፈልግም።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው የሩስፖሊን ቱራኮ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ጉትያው ወተት የመሰለ፣ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ። ክንፉን የዘረጋ ጊዜ ግን ደም የመሰለ ቅላት ቦግ ይላል። ያ ቅላት መዳብ ካለበት ቀለም የሚመጣ ሲሆን በቱራኮ ዘሮች ላይ ብቻ የሚገኝ ነው።

ስሙን ያገኘው ከጣልያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። ልዑሉ ደቡቡን ሲያስስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1893 መጨረሻ ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው። ከተወው ዕቃ መካከል የዚህ ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ የት እንደተያዘ፣ መቼ እንደተያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አልነበረውም። ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1896 ለሳይንስ አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ፣ አሬሮ ጫካ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ፣ አጥኚዎች የት ሄደው እንደሚፈልጉት አያውቁም ነበር። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጉድለት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው! ከዛፉ ሥር ከብቱን የሚያሳርፍ የአሬሮ እረኛ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሳያየው አይቀርም። የጠየቀው የለም እንጂ። ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

የአካባቢው ሌላዋ ወፍ፣ የሊበን ላርክ፣ ታሪኳ ከዚህ ይለያል። ፈረንሳዊው ክሪስቲያን ኤራር በ1968 ከነገሌ ደቡብ ምሥራቅ ሲያገኛት ቦታዋ አብሮ ተመዘገበ፤ በ1975 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣላትም፣ ነገሌ በሲዳሞ ሥር ነበረችና፣ በሲዳሞ ተሰየመች። ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት፣ ለዓይን የምትማርክ አይደለችም። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ስለምትሠራ ሣሩ ካጠረ መደበቂያ የላትም። ወንዱ ሽቅብ ወጥቶ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይዘምራል፤ ያኔ ካልሆነ እሷን ማግኘት ከባድ ነው።

ቦታዋ በመታወቁ መመናመኗም በጊዜ ታወቀ። በ2009 ተመራማሪዎች ከአፍሪካ ዋና ምድር በመጥፋት የመጀመሪያዋ የታወቀች ወፍ እንዳትሆን አስጠነቀቁ። ቦረናና ጉጂ በእሳት ያጸዱት የነበረው ግጦሽ በደርግ ዘመን እሳት ሲከለከል ቁጥቋጦ ወረረው፤ በቀረው ላይ ማረሻ ገባ፣ ከብቱም በጠበበ ሜዳ ላይ ተጨናነቀ። እረኛውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ሣሩ ሲጠፋ የተጎዳው እሱም ነው።

መፍትሔውም የተገኘው ከእረኛው ዘንድ ነው። አርብቶ አደሩ ለድርቅ ጊዜ ሣር የሚከልልበት ካሎ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። ላርኳ በምትኖርበት ሊበን ሜዳ ላይ ማኅበረሰቡ ከተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞች ጋር ሆኖ እንዲህ ያሉ ክልሎችን አጥሯል፤ ከአጥሩ ውስጥ ሣሩ ረዝሟል፣ ለጥጃውም ለላርኳም።

በኋላ ተመራማሪዎች የሊበኗን ላርክ ቀድማ ስም ከወጣላት ከሶማሌላንዷ ላርክ ጋር አንድ ዝርያ አድርገዋታል። በሳይንስ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና የሲዳሞ ስም ቀርቷል። ስሟ ቦታዋን መናገሩን ትቷልና ሊበን ላይ ያያት ሰው ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያስቀምጥ፤ ሊበን፣ ከነገሌ ደቡብ ምሥራቅ፣ ካሎ ውስጥ ወይም ከካሎ ውጭ ብሎ።