ተማሪ ለተማሪ ጆሮ ስለ መሆን

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እጁ የተሰበረ ተማሪ ሕመሙን ለጓደኞቹ ለመናገር አያፍርም፤ ልቡ የተሰበረ ግን ይደብቃል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ፣ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጭንቀት የማዳመጥ ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ1935 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ፣ ገና ወጣት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው ቻድ ቫራ የመጀመሪያውን የቀብር ሥርዓት የፈጸመው ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ልጅቱ የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት፣ የምትጠይቀውም ሰው አጥታ ራስዋን አጥፍታ ነበር። አንዲት ታላቅ እኅት ወይም አንዲት የክፍል ጓደኛ እውነቱን ብትነግራት ኖሮ ምናልባት በዳነች።

ቄስ ቫራ ይህን አልረሳም። በ1953 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ እስጢፋኖስ ዎልብሩክ ቤተ ክርስቲያን፣ ተስፋ የቆረጡ ሰዎች የሚደውሉበት ስልክ አቆመ። በአካል የሚመጡትም ተራ ሲጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያቀረቡ ያዳምጧቸው ነበር። ብዙዎቹም የልባቸውን ተናግረው፣ ቀለል ብሏቸው፣ ቄሱን ሳያዩ ይመለሱ ጀመር። እርሱም ይህን አስተውሎ በ1954 ዓ.ም. የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከበ። ሳማሪታንስ የሚባለው ማኅበር አጀማመሩ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎችም ለእርስ በርሳቸው ተነሡ። በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ናይትላይን የሚባለው አገልግሎት ተጀመረ፤ ቢሮዎች በሚዘጉበት በሌሊት ተማሪ ተማሪን ያዳምጣል። በአሜሪካም በፓሎ አልቶ ከተማ ዶክተር ቢያትሪክስ ሀምበርግና ባርባራ ቫረንሆርስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለዚሁ ሥራ አሠልጥነው፣ ስለ ሥራቸው በ1972 ዓ.ም. ጽሑፍ አሳተሙ። ተማሪዎቹ ግን ብቻቸውን አልተተዉም፤ የሚሠሩት በዐዋቂዎች ክትትል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አሊሰን ማልመን የምትባል የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሕመሙን ከጓደኞቹ ሸሽጎ የኖረ ታላቅ ወንድሟ ራሱን አጠፋባት። በ2001 ዓ.ም. ተማሪዎች ስለ አእምሮ ጤና ሳያፍሩ የሚነጋገሩበትን፣ ዛሬ አክቲቭ ማይንድስ የሚባለውን ማኅበር መሠረተች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው ለማዳመጥ ሊቅ መሆን አያስፈልግም የሚለው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ ሕመሙን ያባሱበት መፍረድ ሲጀምሩ ነው። እኛም በክፍላችን ዝም ያለውን «ኮራ»፣ ጥናት የተወውን «ሰነፈ» እያልን ስንፈርድ ቆይተናል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅነውም። በዚህም እናፍራለን።

ሁለተኛው ትምህርት ይከብዳል። ምሥጢር መጠበቅ ጨዋነት መሆኑን እየተማርን አድገናል። ነገር ግን ጓደኛችን መሞት እንደሚመኝ ቢነግረን፣ ያን ምሥጢር ብቻችንን ይዘን ማደር የለብንም። ቢቆጣን፣ ቢያኮርፈንም እንኳ ለምናምነው መምህር ወይም ለወላጅ ፈጥነን መናገር፣ ወደ ሐኪምም እንዲደርስ መርዳት ይገባናል። ያኮረፈ ጓደኛ አንድ ቀን ይታረቃል፤ የሞተ ግን አይመለስም።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዘን ስንመጣ በመጀመሪያ ቁጣ እንዳይጠብቀን እንለምናችኋለን። ታናናሾቻችን ሆይ፣ እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ በአግዳሚው ጫፍ ብቻውን የሚቀመጠው ልጅ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። ሄዳችሁ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ጠይቁት፤ መናገር ሲጀምርም እስኪጨርስ ድረስ አታቋርጡት።