ማግኔት፣ የመርከብ ክፍል እና ጋምቤላ

የመርከብ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳውም ብረት። ሚስማር አይመታበትም። ብልህ መንገደኛ ታዲያ ማግኔት ይዞ ይገባል። በአንዱ ኮፍያውን ይሰቅላል፣ በሌላው የጉዞውን ፕሮግራም፣ በሦስተኛው የእናቱን ፎቶ። ሲወርድ ነቅሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ምልክት አይቀርም።

«ለሚዛንና ለቴፒ ልጅ መርከብ ምኑ ነው?» የምትሉ፣ እስቲ ጎረቤታችንን ጋምቤላን አስታውሱ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጋምቤላ ድረስ ይመጣ ነበር። የጎሬ ቡናም በበቅሎና በሰው ጀርባ ወርዶ ይጫንበት ነበር። እንግሊዝ ግን እንደ ማግኔቱ ነበረች፤ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፣ ተነቅላ ሄደች።

ወደቡም ከወሬ ጠፋ። በኋላ ለአንዲት የባሕር መርከባችን «ጋምቤላ» የሚል ስም ሰጠን፤ ስንቶቻችን ግን ለምን ብለን ጠየቅን? በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰልጥነው በውጭ መርከብ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች አሉ። ከመካከላችሁ የደቡብ ምዕራብ ልጅ ካለ፣ አደራ፣ ከእናትህ ፎቶ አጠገብ ለባሮም አንድ ማግኔት አትንፈገው።