የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጉልበትና የሕግ ወሰን

ዛሬ የምናነሣው ነገር ሲሰሙት ታናሽ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ብስክሌት ምን ያህል ጉልበት ይኑረው ተብሎ በየአገሩ የወጣው ደንብ ታሪክ ነው። ነገር ግን አንድ ቁጥር በሕግ መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ማንን እንደሚጠቅምና በማን ላይ እንደሚከብድ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ደንብ በማርቀቅና በማስፈጸም ሥራ ላይ ለሚገኝ፣ መልካም ምሳሌ ይሆነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥታት ሞተር ያለውን ተሽከርካሪ መፍራት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እንግሊዞች በ1865 ባወጡት ሕግ፣ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ውስጥም ከ2 ማይል እንዳይበልጥ ከልክለው፣ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ከፊቱ በእግሩ እየሄደ እንዲያስጠነቅቅ አዘው ነበር። ይህ ሕግ ዛሬ ያስቃል። ሆኖም አንድ ደግ ጠባይ ነበረው፤ የወሰነው ፍጥነትን ነው፤ ፍጥነትን ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ ዘበኛ በዓይኑ ሊፈርደው ይችላል። የሞተርን ጉልበት ግን በዓይን የሚያየው የለም።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዕድሜው ከአውቶሞቢል ብዙ አያንስም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ፣ ሞተሩ በኋላ ጎማው መሐል የተተከለ ብስክሌት ፈልስፎ በ1895 የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። የዚያ ዘመን ባትሪ ከባድ ስለ ነበረ ግን አሳቡ ለረጅም ዘመን ሳይስፋፋ ቀረ። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በ1993 የነጂውን የእግር ኃይል እየለካ በዚያው መጠን የሚያግዝ ብስክሌት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነገሩ አዲስ ሕይወት አገኘ።

ሕጉም ተከተለ፤ በእንግሊዝ አገርስ ቀድሞ ነበር። እንግሊዞች በ1983 የብስክሌቱን ሞተር በ200 ዋት ወሰኑት። ቻይና በ1999 240 ዋት አለች። በ2002 የአውሮፓ ኅብረት 250 ዋት ብሎ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲደርስ ወይም ነጂው መርገጡን ሲያቆም ሞተሩ እርዳታውን እንዲያቋርጥ ደነገገ። በዚያው ዓመት አሜሪካኖች ከ750 ዋት በታች አሉ።

እንግዲህ እነዚህ ቁጥሮች በመንገድ ላይ ምን ትርጉም አላቸው? አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው፤ ስለዚህ 250 ዋት የፈረስ ሢሶ ነው ማለት ነው። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ነፋስ በሌለበት ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ለመሄድ ከ200 ዋት ያነሰ ይበቃቸዋል። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ግን አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ሜዳ ላይ የ250 ዋቱ ወሰን ይህን ያህል የሚያጎድለው ነገር የለም፤ ፍጥነቱን የሚገታው የ25 ኪሎሜትሩ ደንብ ነው።

ዳገት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል አቀበት ላይ ይህ 250 ዋት ብቻውን መቶውን ኪሎ የሚያወጣው በሰዓት 14 ኪሎሜትር ያህል ነው። ሁለት ሕፃናትና የገበያ ዕቃ የጫነች እናት፣ ወይም ሸቀጥ የሚያደርስ ሠራተኛ፣ ክብደቱን 200 ኪሎ ቢያደርሱት ደግሞ ሞተሩ በሰዓት ወደ 7 ኪሎሜትር ይወርዳል፤ ከፈጣን እግረኛ ብዙም አይሻልም። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ፈጣኑን ጎረምሳ ለመያዝ ታስቦ የተጻፈው ቁጥር የያዘው ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣውን ሰው ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ መውጫ አግኝተውለታል። የአውሮፓው ደንብ የሚለው ሞተሩ ከመጠን በላይ ሳይግል ያለ ዕረፍት ሊሰጠው የሚችለውን ጉልበት እንጂ ለአጭር ጊዜ የሚያወጣውን ከፍተኛውን አይደለም። በዚህም ምክንያት «250 ዋት» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈባቸው ሁለት ብስክሌቶች አንዱ ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ሌላው ለጥቂት ደቂቃ ከ500 ዋት በላይ አውጥቶ ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱም ሕግ አክባሪ ናቸው። ልዩነቱን ከፍሎ የሚያገኘው ግን የተሻለውን ሞተር ለመግዛት አቅም ያለው ነው፤ ይህ በእኛ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው።

የአሜሪካው ሕግ በዚህ ረገድ ግልጥ ነው። 170 ፓውንድ፣ ማለት 77 ኪሎ፣ የሚመዝን ሰው በተነጠፈና በተስተካከለ ሜዳ ላይ በሞተሩ ብቻ ሲሄድ በሰዓት 20 ማይል እንዳይደርስ ይላል፤ የነጂው ክብደት ሳይቀር ተጽፏል። ጃፓኖች በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ዋቱን ትተው እርዳታውን ከእግር ኃይል ጋር አመዛዘኑ። በመጀመሪያ ሞተሩ ከነጂው ጉልበት እኩል ብቻ እንዲያግዝ ፈቅደው፣ በ2008 በዝግታ ሲሄድ እስከ ሁለት እጥፍ እንዲሆን አሻሻሉት። ብልኅ ደንብ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ እግር ብዙ እርዳታ ሲቀበል ደካማው ጥቂት ይቀበላል፤ ሽማግሌው የሚሻው ደግሞ ተቃራኒውን ነበር።

ቻይና በ2018 ቁጥሩን ወደ 400 ዋት አሳድጋ፣ ክብደቱ ከ55 ኪሎ፣ ፍጥነቱም ከ25 ኪሎሜትር እንዳያልፍ ደነገገች። ደንቡ በ2019 ሲጸና፣ ከዚያ የከበዱትና የፈጠኑት አሮጌ ብስክሌቶች በብዙ ከተሞች ጊዜያዊ ሰሌዳ እየተሰጣቸው እስከ ተቆረጠ ቀን ድረስ ብቻ እንዲነዱ ተደረገ። እንግሊዞችም በ2015 ከ200 ወደ 250 ዋት ከፍ አሉ። በ2024 መንግሥታቸው ወሰኑን ወደ 500 ዋት ለማድረስ አስቦ የሕዝቡን አስተያየት ጠየቀ። ደጋፊዎቹ ዳገቱንና ሸክሙን፣ ተቃዋሚዎቹ የእግረኛውን ደኅንነት አነሡ። መንግሥቱም በ2025 መጀመሪያ አሳቡን እንደማይገፋበት አስታወቀ።