ነዋሪዋና መንገደኛዋ ዝንብ አዳኝ ወፎች

በደሴ ፒያሳ ካለ የግቢ ዛፍም ሆነ በኮምቦልቻ አቅራቢያ ከሚገኘው የየጎፍ ደን ዳርቻ፣ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከቅርንጫፍ ተወርውራ በአየር ላይ ዝንብ ቀልባ ወደ ተነሣችበት ስትመለስ ልትታይ ትችላለች። ይህች ወፍ ከሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አንዷ መሆኗ አይቀርም ይሆናል፤ ሁለቱን መለየት ግን ልምድ ላለውም ሰው ቀላል አይደለም።

አንደኛዋ በሳይንሳዊ ስሟ ሙሲካፓ አዱስታ ትባላለች፤ ዓመቱን ሙሉ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የምትኖርና እዚሁ የምትራባ ናት። ሁለተኛዋ ሙሲካፓ ስትሪያታ በአውሮፓና በእስያ ተራብታ፣ ብርዱን ሽሽት ከሰሃራ በስተደቡብ ወዳሉ አገሮች ስትጓዝ በኢትዮጵያ የምታልፍ መንገደኛ ናት።

ነዋሪዋ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ክብ ራስና አጭር ክንፍ ያላት ወፍ ናት። ደረቷ ጭስ የነካው ይመስል ደብዘዝ ያለ ነው፤ አናቷም መስመር የለውም። መንገደኛዋ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትሆን ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ክንፏ ረጅም፣ ደረቷ ነጣ ያለ ነው። በግንባሯና በደረቷ ላይ ጥቋቁር ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ይህ የግንባር መስመር ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱም ልጆች ነጠብጣብ ስላላቸው፣ ነጠብጣብን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

የቀን መቁጠሪያም ይረዳል። መንገደኛዋ በብዛት የምታልፈው ክረምቱ ካበቃ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት፣ ስትመለስም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ዝናብ መካከል የምትታየው ነዋሪዋ ናት ቢባል ስሕተቱ ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኝ ሦስተኛ ዝንብ አዳኝም አለች፤ ነገር ግን ጀርባዋ ጠቆር ያለ፣ ሆዷ ግራጫ፣ አካሏም ተለቅ ያለ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አትምታታም።

ሁለቱም ዝንብን፣ የእሳት ራትንና ትናንሽ ጥንዚዛዎችን ይመገባሉ። ተምችን ወይም የአንበጣ መንጋን ያስወግዳሉ ብሎ መጠበቅ ግን ከአቅማቸው በላይ መጠየቅ ነው። በብሪታንያ የመንገደኛዋ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የነፍሳት መመናመን ነው። በእርሻ ዳር ያለ አሮጌ ወይራ ወይም ጽድ እንዲህ ላለ ወፍ ማደኛ ይሆናል፤ ፀረ ተባይ ከማሳው አልፎ ወደ ዛፉና ወደ አጥሩ ሲረጭ ግን የምትበላው ነፍሳት አብሮ ያልቃል።