ደንብ የሚያረቅቅ እጅ



የከተማ ታሪክ በተነገረ ቍጥር ዘወትር የሚነሣው የከንቲባው ስም ነው። መንገዱ ቢቀና እርሱ አቀናው፤ ገበያው ቢዛወር እርሱ አዛወረው ይባላል። ነገር ግን ከንቲባው ብዕሩን አንሥቶ ከመፈረሙ በፊት ጉዳዩን የመረመረ፤ ከሌላው ሕግ ጋር ያስተያየና ቃሉን አስተካክሎ የጻፈ ሰው እንዳለ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛ በአዲሎ የምንማር ተማሪዎች በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለዚሁ ስሙ ስለማይጠራ ሠራተኛ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። ይህንም ያሰብንበት ምክንያት ነገሩ፤ ኋላ እንደምንገልጸው፤ ከደብተራችንና ከእርሳሳችን ዋጋ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው።

በአገራችን የጽሕፈት ሹመት ጥንታዊ ነው። የንጉሡን ቃል ተቀብሎ በጽሕፈት የሚያሰፍረው ባለሟል ጸሐፌ ትእዛዝ ይባል ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱን የታሪክ መጽሐፍ የጻፉትም እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ዐዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጐስሞ በገበያ መካከል ስለ ነበረ ፊደል የማያውቀውም ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር።

ከንቲባ የሚለውም የሹመት ስም ቀድሞ በጎንደር የታወቀ ሲሆን፤ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ለዋና ከተማዋ ሹም መጠሪያ ሆነ። ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በሆኑባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ሥራ ከመሩት ሰዎች አንዱ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። እርሳቸውም አስቀድመው በእንጦጦ ራጉኤል ያገለገሉ፤ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ያሳተሙ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ደራሲ ናቸው። መጻሕፍትን ቈጥሮ በተራ ያኖረ እጅ የከተማን ጉዳይ በተራ ለማኖር መጠራቱን ስንመለከት፤ ከተማን መምራት ከጽሕፈት ተለይቶ እንደማይሄድ እንረዳለን።

ከዚያም በኋላ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ። 55 አንቀጾች የነበሩትን የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፤ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት እንደ ምሳሌ አድርገው ተመልክተዋል። ሕገ መንግሥቱ የሚጠራው በዐፄ ኀይለ ሥላሴ ስም ነው፤ ብዕሩን ይዘው የደከሙት ግን በጅሮንዱ ናቸው። የአርቃቂ ሥራ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ድካሙ የእርሱ፤ ፊርማው የሌላ ይሆናል።

አገራችን ከጠላት ነጻ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ እንዲመሩ ሲያደርግ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ። እነሆ፤ በዚህ ጊዜ የነጋሪት ስም በጋዜጣው ላይ ቀረ፤ ድምፁ ግን ከገበያ ጠፋ። ሕግ ከሚሰማ ነገር ወደሚነበብ ነገር ተለወጠ። የሚያነብ ሰው ጥቂት በነበረበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንመልከት። 3367 ቍጥሮች ያሉትን ይህን ታላቅ ሕግ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁት፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ተተረጐመ። አፋቸውን በከምባትኛ ወይም በሀድይኛ የፈቱ አያቶቻችን ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ገና አንድ ወንዝ መሻገር ነበረባቸው። አቤት ለማለት ቢፈልጉ ለአስተርጓሚ ይናገራሉ፤ አስተርጓሚው ለማመልከቻ ጸሐፊው ይነግራል፤ ጸሐፊውም በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰማውን ያህል ይጽፋል። ከሦስት አፍ ያለፈ ቃል ሹሙ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህሉ ይቀራል?

ለዚህ ከገዛ አገራችን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በከምባታና በሀድያ ሽማግሌዎች ዘንድ «ሴራ» ማለት አባቶች ያቆሙት ሕግና ሥርዐት ነው። በአማርኛ ግን «ሴራ» ማለት በስውር የተጐነጐነ ተንኰል ነው። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ቆመው «በሴራችን መሠረት እንታረቅ» ቢሉና ሁለቱን ቋንቋ የማያውቅ ጸሐፊ ቃሉን እንዳለ ቢያሰፍረው፤ ሰላም ፈላጊው አባት በወረቀት ላይ ተንኰለኛ ሆነው ይታያሉ። የአርቃቂ ስሕተት በአንዲት ቃል ሰውን ከሕግ አክባሪነት ወደ ወንጀለኛነት ሊያወርድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በዐዋጅ የመንግሥት በሆኑ ጊዜ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤና ማኅተም ወደ ሰፈር ወረዱ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው አደረገ። ከምባታ ዛሬ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲሆን፤ እንደ ሆሳዕናና እንደ ዱራሜ ያሉት ከተሞች በከንቲባ ይመራሉ። ስለዚህ የደንብ አርቃቂ ሥራ የአዲስ አበባ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤታችን ሥራ ሆኗል።

ይህ ሠራተኛ ምን ይሠራል ቢባል፤ መጀመሪያ የሕዝቡን አቤቱታ ያደምጣል። ቀጥሎም በጉዳዩ ላይ የወጣ ሕግ መኖሩን ይመረምራል፤ ምክንያቱም መመሪያ ከደንብ፤ ደንብም ከዐዋጅ፤ ሁሉም ከሕገ መንግሥት በታች ስለ ሆኑ ታናሹ ታላቁን ሊቃረን አይችልም። ከዚያም ከተማው በዚህ ነገር ሥልጣን አለውን? ወጪው ከየት ይመጣል? የሚያስፈጽመው ማን ነው? የሚጐዳውስ ማን ነው? ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻም ረቂቁንና ማብራሪያውን ጽፎ ለከንቲባው ያቀርባል፤ ምክር ቤት የሚወስነው ከሆነም ለአባሎቹ ጥያቄ መልስ ያዘጋጃል። በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። የኒው ዮርክ ከንቲባ ከከተማው ምክር ቤት ጋር፤ እንዲሁም በአልባኒ ከተማ ከሚሰበሰበው ሕግ አውጪ ጋር ጉዳይ የሚከታተሉለት ሠራተኞች አሉት። ከተማው ቢተልቅም ጥያቄው ያው ነው።

አሁን ስለ ደብተራችን ዋጋ ያልነውን እንፈጽም። ከእኛ መካከል እናቶቻችን ቆጮና ቅቤ ሸጠው የሚያስተምሩን ብዙዎች ነን። እንበልና በአንድ ከተማ «በመንገድ ዳር መነገድ ክልክል ነው» የሚል ደንብ ቢረቀቅ፤ ነገሩ ለጽዳትና ለመኪና መተላለፊያ የታሰበ ስለ ሆነ ክፋት የለበትም። ነገር ግን «ዳር» ማለት ከአስፋልቱ ስንት ሜትር ነው? በገበያ ቀንስ? ሌላ መቀመጫ ሳይሰጥስ? አርቃቂው እነዚህን ሳይጠይቅ ቢቀር፤ ቅዳሜ ዕለት ቅርጫቷን ተሸክማ ባዶ እጅዋን የምትመለሰው እናት ናት፤ ሰኞ ዕለት ያለ ደብተር ወደ ክፍል የሚገባው ልጅዋ ነው። ወደ ጠረጴዛው ቀርባ ልትናገር የማትችለውን እናት ቃል ወደ ረቂቁ የሚያስገባው ያ ስሙ ያልታወቀው ሠራተኛ ነው። እርሱ ካልጠየቃት ሌላ የሚጠይቃት የለም።

ይህን ጥበብ ለመማር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንደራችን እድር ሊቀመንበር፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንብም አለው። ደንቡ ሲሻሻል በአባሎች ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፤ ያልገባው እጁን ያነሣል፤ ከተስማሙ በኋላ ይፈረማል። ሬሳ በወጣ ቀን ማን ድንኳን እንደሚተክልና ማን ምን እንደሚያዋጣ ክርክር የማይነሣው ደንቡን ሁሉም ስለ ሰማው ነው። የነጋሪቱን ድምፅና የጋዜጣውን ጽሕፈት ባንድነት አስማምቶ የያዘ እድራችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ በዓላችንን ስናከብር ይህን እናስብ። ከእኛ መካከል ከንቲባ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው፤ ብዕር ይዞ ደንብ የሚያረቅቅ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፤ ማመልከቻ የሚጽፍ ግን ብዙ ይሆናል። ስለዚህ አማርኛውንም የእናታችንንም ቋንቋ አጥርተን እንወቅ። ዛሬውኑም ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ከማዘጋጃ ቤት የመጣላቸውን ወረቀት ሳናሳጥርና ሳንጨምር እናንብብላቸው፤ የሚሉትንም እንዳሉት እንጻፍላቸው። የጻፍነውን መልሰን ስናነብላቸው «አዎን፤ ያልሁት ይህንኑ ነው» ካሉን፤ ደንብ ማርቀቅን በዚያች ቀን ጀምረናል ማለት ነው።