በአንድ ዲስክ ላይ ሁለት ሥርዓት ስለ ማኖር፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ልምድ ጋር

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተማሪ የሚይዘው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ የተጫነበት ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም በኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ግቢ ኮምፒውተር ለሚያጠና ግን ሊኑክስም ያስፈልገዋል። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መትከል ቀላል ነው፤ ጭንቁ ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖሩ ላይ ነው። በዚህ ሥራ ፋይሉ የጠፋበትን ተማሪ በቸልተኝነት የሚወቅሱ አሉ። እኛ ግን ታሪኩን ስንመረምር አደጋው ከሊኑክስ ጋር አብሮ የተወለደ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን የጻፈው ሚኒክስ የሚባል ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሚኒክስ ባለቤት፣ ሊኑክስ እንግዳ ነበር ማለት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ለስልክ መስመሩ ሊሰጥ ያሰበውን ትእዛዝ በስሕተት ለዲስኩ ሰጠና ሚኒክስ ያለበትን ክፍል አበላሸው፤ መልሶ ከመትከልም ይልቅ ጨርሶ ወደ ሊኑክስ ተሻገረ። እርሱስ እንግዳውን የሠራው ራሱ ስለ ነበር አልተቸገረም።

ሁለተኛው ምክንያት የመነሻው በር ጠባብ መሆኑ ነው። በቀድሞው አሠራር ኮምፒውተሩ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያነበው ከዲስኩ 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚሁም 446ቱ ለማስነሻው ትእዛዝ፣ 64ቱ ለአራት ክፍሎች መዝገብ፣ 2ቱ ለምልክት ይውላሉ። በሩ አንድ ስለ ሆነ ኋላ የገባው ቁልፉን ይይዛል፤ ዊንዶውስ ከሊኑክስ በኋላ ሲጫን የቀደመውን ማስነሻ ሽሮ የራሱን ይጽፋል። ዊንዶውስን አስቀድሞ ሊኑክስን ማስከተል ልማድ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው፤ ግሩብ የሚባለው የሊኑክስ ማስነሻ ሁለቱንም ዘርዝሮ ምርጫውን ለሰው ይተዋልና። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋው ዩኢኤፍአይ ለእያንዳንዱ ሥርዓት የየራሱን የማስነሻ ፋይል ስለ ፈቀደ ጠቡ ረገብ ብሏል።

መብራት መጥፋቱን ግን ዩኢኤፍአይም አያስቀረውም። ከመካከላችን አንዱ ኮምቦልቻ ላይ የዊንዶውስን ክፍል ሲያጠብ መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም የደከመ ነበርና የመመረቂያ ጽሑፉ ከነክፍሉ ሄደ። የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው ቅጂ ደሴ በጓደኛው ፍላሽ ላይ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ አመጣው። የሦስቱን ሳምንት ሥራ እንደገና ጻፈ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ኮምፒውተር ያላቸው ጓደኞቻችን «ታዲያ አሮጌውን ለምን እናኖራለን?» ይሉናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሁለቱም ሥርዓቶች ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየበው ግን የራሱ ፊደል ከሌለ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታያል። ለጥናታችን የሰበሰብናቸው አሮጌ ጽሑፎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ስለ ሆኑ፣ እስኪገለበጡ ድረስ ዊንዶውስን ከዲስካችን አላነሣንም።