የሠርግ ግብዣና የአገልግሎት ዋጋ፤ ከዳስ እስከ ሆቴል አዳራሽ

በአዲስ አበባ ምዕራብ በሚገኘው በኮልፌ ቀራኒዮ ልጁን የሚድር ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ወይ በሰፈሩ ዳስ ጥሎ ወይም ድንኳን ተክሎ ይደግሳል፤ ወይ አዳራሽ ካለው ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ጋር ይዋዋላል። ሁለተኛውን የመረጠ እንደ ሆነ፥ ከምግቡና ከመጠጡ ዋጋ ግርጌ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል መሥመር ተጽፎ ያገኛል። ምግቡ ከተከፈለበት ዘንድ ለማቅረቡ ደግሞ ለምን ይከፈላል የሚል ቅሬታ የሚነሣው በዚህ መሥመር ላይ ነው። ቅሬታው ከገንዘቡ ብዛት ብቻ የመጣ አይደለም። «አገልግሎት» የሚለው ቃል ራሱ በቤተ ክርስቲያንም በጉርብትናም ለበረከትና ለውለታ የሚደረገውን ሥራ የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ ዋጋ ተቆርጦለት ሲታይ ለጆሮ ይከብዳል። ስለዚህ የክፍያውን ጠባይ ለመረዳት፥ በፊት ይህ ሥራ በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበረ መመርመር ያስፈልጋል።

፩ የግብር ቤት አሳላፊ

በቀድሞው ዘመን የታላላቅ ግብዣዎች አብነት የቤተ መንግሥት ግብር ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በሺሕ የሚቆጠር ሰው እንደየማዕርጉ ተራውን እየጠበቀ ይበላ ነበር። አጋፋሪው እንግዳውን ያስገባል፤ ወጥ ቤቱ፥ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አለቃና ሠራተኛ አላቸው፤ አሳላፊው በገበታው ዙሪያ ቆሞ ያቀርባል። ከተጋባዡ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ለቤተ መንግሥቱ ሠራተኛ በደመወዝ ፈንታ ማደሪያ መሬትና ድርጎ ይሰጠው ነበር፤ እህሉንና ማሩን የሚያገባው ደግሞ ገባሩ ነበር። እንግዲህ ዋጋው ይከፈል የነበረው ከገበታው ርቆ፥ አብዛኛውን ጊዜ በገበታው ባልተቀመጠ ሰው ነው።

በላተኛው በበኩሉ አጠገቡ ለቆመው አሳላፊ ጉርሻ ያጎርሰው ነበር። ዛሬ በከተማ ለአስተናጋጅ በፈቃድ የሚሰጠው ገንዘብ «ጉርሻ» መባሉ ከዚሁ ልማድ የተወረሰ ይመስላል። ጉርሻ በሰጪው ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ግዴታ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የብዙ ክርክር ምንጭ ሆኖአል።

፪ የሰፈር ብድር

በሰፈር ሠርግ አሳላፊው ጎረቤት ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፥ ክርስቲያንም ሙስሊምም የሆኑ ሰዎች በአንድነት ይኖራሉ፤ የሠርጉ ሥርዓት ቢለያይም የሥራው አከፋፈል ተቀራራቢ ነው። የዳሱ ቋሚና ማገር ከአጠና ተራ ይገዛል። ድንኳኑ፥ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት ከዕድር ይገኛል፤ ምንም እንኳ ዕድር በመሠረቱ ለቀብር የቆመ ማኅበር ቢሆን ዕቃው ለደስታም ያገለግላል። ሴቶች ሽንኩርት ሲልጡና እንጀራ ሲጋግሩ ያድራሉ፤ ወጣቶች ውኃ ይቀዳሉ፥ ያሳልፋሉ፥ ሳሕን ያነሣሉ። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለወጥ ሠሪና ለመሳሰሉት ጥቂት ሙያተኞች ብቻ ነው።

የቀረው ሥራ ግን በነጻ የተሰጠ አይደለም፤ ብድር ነው። ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ፥ ማን ሌሊቱን እንዳደረ በልብ ይመዘገባል። በሰው ድግስ ያልታየች ሴት በራሷ ድግስ ጊዜ እጅ ታጣለች። የዚህ ሒሳብ ልዩ ጠባዩ ተዘግቶ የማያልቅ መሆኑ ነው፤ የተከፈለው ውለታ ሌላ ውለታ ይወልዳልና። ሸክሙም እኩል አልተከፈለም፤ የበዛው ድካም በሴቶች ላይ ይወድቃል።

፫ ምግብ በገንዘብ

ለምግብ ገንዘብ መክፈል በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር ሆኖ ነበር። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ሆቴል ሲከፈት፥ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን እንዳይነውሩት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ከፈሉ ተብሎ ይነገራል። ሠርግ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ከቤት አልወጣም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌዎች ሲቋቋሙ፥ የቀበሌ አዳራሽ ለብዙ ቤተሰብ ከዳሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ቦታ ሆነ። በኋላም ግቢ ያለው ቤት እያነሰ፥ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ እየበዛ፥ ደመወዝተኛውም ከሥራ የሚቀርበት ቀን እያጠረው ስለ ሄደ ሠርጉ ወደ ሆቴልና ወደ ምግብ ቤት አዳራሽ ተሻገረ። ከሠርጉ ጋር የጎረቤት ሥራም አብሮ ተሻግሮ፥ ባለ ደመወዝ አስተናጋጅ ያዘው።

፬ የሒሳቡ አነባበብ

በብዙ ሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያው ከመቶ 10 ነው። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 የተጀመረውና መጣኙ ሳይለወጥ የቆየው የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከመቶ 15፥ በድምሩ ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ጭማሪው 25 ሳይሆን ከመቶ 26 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ለምሳሌ 300 እንግዳ ለእያንዳንዱ በ1,000 ብር የተዋዋለ ደጋሽ፥ 300,000 ብር እከፍላለሁ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ አገልግሎቱ ሲጨመር 330,000፥ ታክሱ ሲጨመር 379,500 ብር ይሆንበታል። የ79,500 ብር ልዩነት በሠርጉ ማግሥት ዕዳ ሊያስገባ የሚችል ነው።

ክፍያው በስሙ የአሳላፊው ቢመስልም ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኘውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። ስለዚህ የመሥመሩ ስም ብቻውን ገንዘቡ በአስተናጋጁ እጅ መግባቱን አያረጋግጥም። በፈረንሳይ አገር በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ፥ የምግብ ቤት ዋጋ አገልግሎቱን አጠቃልሎ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በላተኛው የመጨረሻውን ዋጋ አስቀድሞ ያያል። በእኛ አገር ደጋሹ ይህን የሚያውቀው ጠይቆ ነው።

የሚጠየቅበትም ጊዜ ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፥ የተቀበለውም ቢተው ዕጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ የተነገረው ዋጋ አገልግሎትንና ታክስን ያጠቃልል እንደ ሆነ፥ ከውጭ ለሚገባ መጠጥ የሚከፈል ይኖር እንደ ሆነ፥ የእንግዳው ቍጥር ቢጎድል ሒሳቡ ይቀነስ እንደ ሆነ በውሉ ላይ መጻፍ ይገባዋል።

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፥ አገልግሎት ያለ ዋጋ የቀረበበት ግብዣ አልነበረም። በግብር ቤት ገባሩ፥ በዳሱ ውስጥ የጎረቤት ሴት ከፍለውታል፤ የሆቴሉ ወረቀት ያደረገው ነገር ቢኖር ዋጋውን በቍጥር ጽፎ በደጋሹ ፊት ማኖር ነው። በዚህ ረገድ ወረቀቱ ከቀድሞው ሥርዓት ይልቅ ግልጽ ነው። ነገር ግን የሆቴል ሒሳብ በተከፈለበት ሌሊት ይዘጋል፤ የጎረቤት ብድር ግን ለለቅሶም ለሕመምም ሰው እንዲያመጣ ሳይዘጋ ይኖር ነበር። ከመቶ 10 የሚከፍል ቤተሰብ የእጁን ድካም ገዝቶአል፤ ያንን የማይዘጋ ሒሳብ ግን በዚህ ገንዘብ ሊገዛው አይችልም።